በጥቅምት ፀሐይ ያፈሰሰው ጣሪያ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ነው። ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ጠብታ ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል... እኔ ግን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ቆሜ ጣሪያ ሲያፈስ አያለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከተማችን ውስጥ በእምነት ስም የተቋቋመ፣ አረጋውያንን የሚጦር አንድ ማኅበር አለ። ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝና «እርዳታ የሚያሰባስቡልን እንግዶች ከውጭ ይመጣሉ፣ እኔ እንግሊዝኛው አይሆንልኝም፣ አስተርጉምልን። ክፍያ የለውም፣ ለጽድቅ ነው» አለኝ። ለጽድቅ ሲሉኝ እምቢ ማለት አልችልበትም።

እንግዶቹ ሳይደርሱ ቢሮው አስገብቶ የአምስት ዓመቱን ስትራቴጂክ ዕቅድ በፕሮጀክተር አሳየኝ። ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴት... መቼም ቀለሙ ያምራል። መሀል ላይ የአንድ ክፍል ጣሪያ ፎቶ መጣ። ቆርቆሮው ተበሳስቷል። ከሥሩ «ዋና የሀብት ማሰባሰቢያ» ይላል።

«ይኼማ መጠገን አለበት» አልኩት።

«አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ ሰኔ ላይ በነጻ ልሥራላችሁ ብሎን ነበር» አለ ፈገግ ብሎ። «ይቆይ አልነው። እሱን ከደፈንነው እንግዶቹ ምን ያያሉ?»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እየቀለደ አልነበረም።

በዚያ ጣሪያ ሥር የሚተኙት እማሆይ ጥሩወርቅ ናቸው። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲወርድባቸው ከርሞ ደረታቸው ታሟል፤ ሲያስሉ አልጋው አብሮ ይንቀጠቀጣል።

እንግዶቹ መጡና ወደ እማሆይ ክፍል ገባን። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮና ካሜራ የያዘ ባልደረባዋ። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ጸሎት አደረሰ። ገና አሜን ከማለታችን ከላይ ኳኳታ ተሰማ... ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ የእማሆይ ብርድ ልብስ ላይ። በመስኮት ብመለከት መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ሥሩ ባዶ ጀሪካን ተቀምጧል።

ሴትዮዋ እማሆይን «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው።

«ኧረ ልጄ! በክረምትማ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድብኝ ነበር። ያን ጊዜ ማን መጣ? የዛሬው ዘበኛው ነው፤ ቆርቆሮውን ሲረግጠው እሰማዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ክንዴን ጨምቆ «‹አዎ፣ ሁልጊዜ› በላት» አለኝ በሹክሹክታ። እኔ ግን ዘበኛውንም ቆርቆሮውንም ሳላስቀር አንድ በአንድ ተረጎምኩት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። አሁን ጉድ ፈላ፣ አልኩ በሆዴ።

«ይገባኛል» አለች ረጋ ብላ። «ግን ካሜራችን አልተከፈተም ነበር። አንዴ ሊደግመው ይችላል? እናትየዋም ወደ ላይ ቢያዩልን።»

ይህንን አልተረጎምኩም። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እንግሊዝኛው አይሆንልኝም ያለው ሥራ አስኪያጅ ይህቺን ያለ አስተርጓሚ ተረዳት! መስኮቱ ጋ ሮጦ «አንተ ሰውዬ፣ ድገመው! እማሆይ፣ እርስዎም ወደ ላይ ይዩ!» ብሎ ጮኸ።

ደሜ ፈላ። ሄጄ የእማሆይን አልጋ በሁለት እጄ መግፋት ጀመርኩ። «እማሆይ፣ ከዚህ ላንሳዎት» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። እጃቸው እርጥብ ነው።

«ተወው ልጄ። ካልረጠብኩ አይሠሩልንም። ለሚመጣው ክረምት እኔ ባልኖርም እዚህ የሚተኛ ሰው አይጠፋም» አሉና የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ ጣሪያው አቀኑ። ካሜራው ተከፈተ። ውኃው ወረደ።

ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ። በሩ ላይ ምራቄን ተፋሁ፣ ይቅርታ፣ ግን ተፋሁ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ። ደስታው በስልክ ያስታውቃል። ቪዲዮው በጣም ተወዷል፣ እርዳታው መግባት ጀምሯል።

«ጣሪያውስ?» አልኩት።

«እሱን አሁን አንነካውም ወንድሜ፣ ገና ሌሎች እንግዶች አሉብን!»

ከእንግዲህ «ለጽድቅ ነው» የሚለኝ ሰው ከመጣ፣ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ማን እንደወጣ አያለሁ።