ሳትገፋ የተነሳችው መኪና

የአባቴ መኪና በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። የካ ሚካኤል፣ ቤታችን ካለበት ዳገት ላይ፣ ማታ ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ያቆማት ነበር። ባትሪዋ ሞተር የማስነሳት አቅም ስለሌለው፣ ጠዋት ሰው ከኋላ ገፋ ሲያደርጋት ትንደረደርና ማርሽ ሲያስገባ ትነሳለች። ገፊው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን፤ በዚሁ አጥር የተነሳ ከአባቴ ጋር ተኳርፈው ዓመታት ያልተነጋገሩት ሽማግሌ!

አንድ ጠዋት አባቴ ብቻውን ከመኪናዋ ጋር ሲታገል አይተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡና ቃል ሳይተነፍሱ ገፉለት። አባቴም ታች ሲደርስ ክላክሱን አንዴ ነካ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንደዚያው ሆነ። ሰላምታ የለም፣ ምስጋና የለም።

"ቆይ፣ አንድ ቀን አፋቸውን ይከፍታሉ" ይለኛል አባቴ።

"አንተስ ለምን አትጀምርም?" ስለው፣ "አጥሩን ያፈረሱት እሳቸው!" ብሎ ይቆጣል።

እኔ የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ እመጣለሁ። ይሄ ግፊያ ያበግነኝ ነበር። ባኮረፉት ሰው መኪና ማስገፋት ምን የሚሉት ውርደት ነው! በዚያ ላይ ችኩል ነኝ፤ መጠበቅ አይሆንልኝም። አንድ ቅዳሜ መኪናዋን ጋራዥ ልወስዳት ተነሳሁ። ያን ቀንም የገፉኝ እሳቸው ነበሩ። እኔ ክላክስም አልነካሁም።

ኤሌክትሪሺያኑ ኮፈኑን ከፍቶ ሳቀ። "እህቴ፣ ይቺ ዲናሞ እንኳን ባትሪ ልትሞላ ለራሷም አትበቃ።" አሮጌውን ዲናሞ አውልቆ ዘመናዊ አልተርኔተር ገጠመ፤ መያዣ ብረት በየደለት፣ ቀጭኑን ሽቦ በወፍራም ቀየረ፣ ቺንጋውንም ባትሪውንም አዲስ አደረገ። መብራቱን ሲያበራው የጋራዡ ግድግዳ ቦግ አለ። ኩራቴን አትጠይቁኝ!

አባቴ ግን ቁልፉን ተቀብሎ "እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ" አለና ኪሱ ከተተው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እያንዳንዱን ብሎን ሳይጠይቀኝ አይለቀኝም ነበር።

በነጋታው እንጦጦ ማርያም ልንሳለም ወጣን። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ቁልፉን እስኪያዞር እጠብቃለሁ፤ እሱ ስፖኪዮውን ያያል። ጎረቤታችን በራቸውን ከፍተው፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ ብቅ አሉ።

"አባዬ፣ ምን ትጠብቃለህ? አዙረው እንጂ!"

አዞረው። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፤ እኔ አጨበጨብኩ። ዞር ብዬ ሳይ ሰውየው ሁለት እጃቸውን እንደዘረጉ መንገዱ መሀል ቆመው ቀርተዋል። አባቴ የእንጦጦን ዳገት እስክናጋምስ ስፖኪዮውን ደጋግሞ ያይ ነበር። ከዚያ "ትንሽ ብጠብቃቸው ምን ነበረበት" አለ። እኔ ሳቅኩበት። ያን ቀን ምላሴን ብቆርጠው ይሻለኝ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አላገኘሁ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ጠዋት ጠዋት መውጣታቸውን ተዉ። አባቴ ነገሩ ከነከነው። "ለፋሲካ ቤታቸው ሄጄ አናግራቸዋለሁ" አለኝ፤ እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነበር። ጾሙ ሳይጋመስ ጎረቤታችን ታመው ተኙ፤ በሳምንቱ አረፉ።

ልቅሶው ላይ አባቴ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። ባለቤታቸው እኔን አቅፈው ሲያለቅሱ ቆዩና ጆሮዬ ሥር እንዲህ አሉኝ፦ "እስኪታመሙ ድረስ ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን አጥልቀው ከበሩ ኋላ ይቆሙ ነበር። መኪናዋ ስትነሳ ሲሰሙ 'ዛሬም አልፈለገኝም' ይሉና መልሰው ያወልቁታል። 'አንድ ቀን እምቢ ትለው ይሆናል፤ ያን ለት አናግረዋለሁ' እያሉኝ ነው የሞቱት፣ ልጄ።"

ከድንኳኑ ስንወጣ አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

"ምን አሉሽ?"

"ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ አሉ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም" አልኩት።

ይኸው እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።