ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ያልተረጎምኩት

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬና ሽሮ ሲሸጡ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሰፈራችን ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ለገዛ ባላቸው ግን አልተለቀሰም።

ባላቸው የአየር ኃይል አብራሪ ነበር። በወጣትነቱ ስለቀረ እኛ ቤት አንቱ የሚለው የለም። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በርሮ ወጣ፣ አልተመለሰም። አብሮት የነበረው ጓደኛው፣ "ከዛፍ ብዙም ከፍ ሳይል ተገልብጦ አየሁት፤ ከዚያ ጭስ ብቻ ነው" ከማለት በቀር የሚያውቀው አልነበረም። አስከሬን አልመጣም፤ እትዬንም መርዶ ያረዳቸው የለም። መርዶ ካልተነገረ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም። ጥቁር ሳይለብሱ፣ ሌላ ባልም ሳያገቡ አረጁ።

ባለፈው ዓመት አንድ የድሮ ደንበኛቸው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በረሃው ላይ ጡረታ የወጡ የጦር አውሮፕላኖች ለሕዝብ እንደሚታዩ፣ ባላቸው ያበርረው የነበረው ዓይነት ኤፍ ፋይቭም እዚያ እንዳለ ነገራቸው።

"ቅዳሜ ድራይቭ ታደርጊኛለሽ" አሉኝ። "የምጠይቀው ነገር አለኝ፤ ትተረጉሚልኛለሽ።"

"እትዬ፣ እኔ እንግዳ ሰው ማናገር…"

"ዌስትውድ ዩኒቨርሲቲ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩሽ ዝምታ ነው እንዴ?"

አውሮፕላኖቹ ጠጠር ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ቀለማቸው በፀሐይ ነጥቷል፤ የአንዳንዶቹ ጎማ ተንፍሷል። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንደገባ ሰው ቀስ እያሉ በመሃላቸው አለፉ። ኤፍ ፋይቩ ካሰብኩት ያነሰ ነበር።

"እዚህ ውስጥ ነው ያን ቁመት ይዞ የሚገባው?" አሉ ክንፉ ሥር ቆመው።

ጎብኚ የሚያስተናግዱ ኮፍያ ያደረጉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ወደ እኛ መጡ። በወጣትነታቸው እነዚህን አውሮፕላኖች ይጠግኑ እንደነበር ነገሩን። እትዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

"በይ ጠይቂልኝ። ተገልብጦ፣ ከዛፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሆን፣ ወንበሩ አስፈንጥሮ ያወጣዋል? ሰው ይተርፋል?"

ጠየቅኩ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። "ከተገለበጠ ወንበሩ የሚወረውረው ወደ ምድር ነው። በዚያ ከፍታ የሚተርፍ የለም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። "ባላቸው" አልኩ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

እትዬ አፍ አፌን ያያሉ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ግን አውቃለሁ። ማለዳ፣ በገዛ ቤት፣ ሽማግሌ ተናግሮ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ቆሞ ነው። ልጅ መርዶ አያረዳም።

"ከባድ ነው ይላሉ" አልኩ።

"ኮፍያቸውን ያወለቁት ከባድ ነው ለማለት ነው?"

እትዬ መዳፋቸውን አውሮፕላኑ ሆድ ላይ አሳረፉ። ብረቱ በፀሐይ ግሏል፤ እጃቸውን ግን ቶሎ አላነሱም።

ፍሪዌዩ ላይ ብዙ ከተጓዝን በኋላ ነው የተናገሩት።

"አንቺ ምንም አልነገርሽኝም፤ እኔም ምንም አልሰማሁም። ደግ አደረግሽ። እዚያ ጠጠር ላይ፣ ማን ይዞኝ ልውደቅ? ለእናትሽ ንገሪያት። ነገ ከቅዳሴ በፊት ሰዎች ይዛችሁ ኑ።"

እናቴ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ዘንድ ስትደውል፣ እኔ ከእትዬ አፓርትመንት ሥር የሚኖሩትን ጎረቤት በር አንኳኳሁ፤ የለቅሶው ጩኸት እንዳያስደነግጣቸው። ሴትዮዋ አዝነው፣ "መቼ ነው የሞተው?" አሉኝ።

"ቆይቷል" አልኩ። "የምንነግራቸው ግን ነገ ጠዋት ነው።"

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ደረጃውን ወጣን። በሩ አልተቆለፈም። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ፍራሽ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። እትዬ በሌሊት ልብሳቸው ከመኝታ ክፍል ወጥተው አንድ በአንድ አዩን።

"ምነው በማለዳ? በደህና ነው?"

ድምፃቸው ከልብ ተንቀጠቀጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተናገሩ። እትዬ የባላቸውን ስም ጠርተው ሲወድቁ፣ ክርናቸውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።