ጡሩምባው ወንዙን ሲሻገር

ማለዳ፣ ወልድያ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስሁ። ጭጋግ፣ የሻይ እንፋሎት፣ ትኩስ ቦምቦሊኖ፣ የረዳቶች ጩኸት። «መርሳ! የቀረ ሁለት ሰው!» ሁለቱ አምስት ሆኑ። አንድ ነገር ታዘብሁ፤ ተለማምጦ የገባ ሁሉ፣ ገና ሳይደላደል «ሞልቷል፣ በቃ!» ይላል። እኔም ብያለሁ።

የምሄደው ግራና፣ አማቴን ጋሽ ሰይድን ልጠይቅ ነው። የጋዜጣችን አዘጋጅ ደግሞ የቤት ሥራ አሸክሞኛል፦ የአካባቢያችን አገሮች ኅብረት አዳዲስ አባላት ቢቀበል፣ ውሎ አድሮ ፖለቲካው ምን ይሆናል? መልሴን ቤቴ ጨርሻለሁ። ኅብረቱ ውኃ የበዛበት ወጥ ይሆናል።

ረፋድ፣ መርሳ

ሲሪንቃ ላይ የምርምር ጣቢያው ማሽላ በመስመር ቆሞ አለፈን። መርሳ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ነው። የማንጎው ዋጋ የአዲስ አበባውን ግማሽ አይሞላም። ሾፌሩ አሰፋ ድሮ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር።

«ኅብረቱ ይስፋ ባይ ነኝ» አለኝ። «በየኬላው ስንት ቀን ተገትሬያለሁ!»

«አባል ሲበዛስ ማን ይወስናል?»

«እሱን እናንተ የተማራችሁት ተጨቃጨቁበት» ብሎ ሳቀብኝ።

ከሰዓት፣ ግራና

አማቴ ፊታቸው አልፈታ አለኝ። የቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ ቃሬዛ የሚሸከም፣ ሐዘንተኛ የሚያበላ ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ። ዛሬ ከወንዝ ማዶ ያለችው ትንሽ መንደር ትግባ አትግባ ይወሰናል። አንድ ሰው እምቢ ካለ ቀረ። የማዶው ሽማግሌ ሞላ እናታቸው በጠና ታመዋል። የመንደሩ ጎልማሳ ለሥራ ተበትኗል፤ ባለፈው ክረምት ቃሬዛ የሚቀባበል ሰው አጥተው አስከሬን መንገድ ላይ አሳርፈዋል። ሞላ ይህ በእናታቸው እንዳይደገም ይፈራሉ።

«አንቱስ ምን ያስባሉ?» አልኋቸው።

«የላይ መንደርን ያስገባን ጊዜ አባቴ ዳኝነቱን አጣ፤ ተራ በተራ ይሁን ተባለ። ዓመት ሙሉ አኮረፈ። ጉባኤውም ወላሂ ጭቅጭቅ ሆነ። ግን በግጦሽ ስንፈነካከት የኖርን ሰዎች፣ ቃሬዛ አብረን ከተሸከምን ወዲህ ዱላ ማንሳት አፈርን። ልጆቻችን ተጋቡ። ጭቅጭቁ አለ፤ ፍንከታው ቀረ።»

ለጉባኤው ግን ሰው አልመጣም፤ ሁሉም መስኖ ላይ ነው። አማቴ ተናደዱና ለሞት ብቻ የሚነፋውን ጡሩምባ አስነፉ። አባላቱ እየሮጡ መጡ፤ ሞት አለመኖሩን ሲሰሙም አጉረመረሙ። ከአባላቱ አንዱ፣ እምቢ ባዩ አቶ ካሳ፣ ወዲያው ጀመሩ፦ «ወንዙ ሲሞላ እነሱ አይመጡም። የእኛን እጅ ብቻ ነው የሚሹት።»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ከታች ከወንዙ ሰዎች ብቅ አሉ። አካፋ፣ ዶማ፣ እስከ ጭን የራሰ ሱሪ። ከፊት ሞላ፣ እያለከለኩ፦

«ማን ነው የሞተው?»

ማንም አልጠራቸውም ነበር።

«ማንም አልሞተም» አሉ አማቴ አፍረው። «ስለ እናንተ ልንመክር ነው።»

«ተመስገን!» ሞላ አካፋቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

አቶ ካሳ የራሰውን ሱሪ ሲያዩ ቆዩና «በክረምትስ?» አሉ።

«በክረምት በላይ ዞረን ነው። እንዘገያለን፤ አልዋሽም።»

«እንግዲያስ ለእናንተ ቀደም ብለን እንነፋለን!»

ሳቅ ሆነ፤ እምቢ የሚል ጠፋ። ሸሆቹ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ መረቁ። ሞላ አካፋቸውን ከቅሬው አካፋዎች አጠገብ አቁመው፣ ለእናታቸው ሊነግሩ ባዶ እጃቸውን ወንዙን ተሻገሩ።

ወደ ማታ፣ ወደ ወልድያ

አገር መንደር አይደለም፤ አውቃለሁ። አዲስ አባል ሲገባ ውሳኔ ይዘገያል፣ የድሮው ዳኛ ያኮርፋል። እሱን እጽፋለሁ። ግን ስለ ወጡ ያልሁትን ሰርዣለሁ።

ተጭነን ልንነሳ ስንል አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ሞልቷል!» አሉ ከኋላ።

ጠጋ አልሁላት።