ያለ ፓስወርድ የተውኩት ካሜራ

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ያለው የቅመም ሱቄ ውስጥ ካሜራውን የገጠምኩት ራሴ ነኝ፣ ቪዲዮ እያየሁ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ እኔን ሳታይ አትተኛም፤ ፓስወርድ መጻፍ ስላቃታት ሊንኩን ብቻ ነክታ እንድትገባ ብዬ ፓስወርዱን አጠፋሁት።

የፈታሁት ባሌም የካሜራውን ምስል ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አገኘው። ረዳቴ ለምሳ እንደወጣች መዶሻ ይዞ ገባ። "ብቻሽን እስክትቀሪ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ሳይሽ ነበር" አለና ግንባሬን ፈነከተኝ። ሊደግመኝ ሲል ከካሜራው ስፒከር የእናቴ ድምፅ አምባረቀ።

"አንተ ከይሲ! ልጄን ልቀቅ!"

ደንግጦ ቀና ሲል ሮጬ ወጣሁ። ጎረቤቶቼ ፖሊስ እስኪመጣ አንቀው ያዙት።

ፖሊሱ ስልኩ ላይ ጥቂት ቃላት ጽፎ ሲፈልግ ሱቄ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ደሜ ወለሉ ላይ ገና አልደረቀም።

"ይሄን ማንም ያየዋል?" አልኩት።

"ማንም።"

ወንበር ላይ ወጥቼ የካሜራውን ገመድ ነቀልኩት።