ቀለሙን ማንን ልጠይቅ?

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ጋሽ ዘለቀ የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ደንበኛ ሲገባ እንዳትደበቂ» የሚል ነበር። እኔ ግን ቀድሜ ተደብቄ ስለነበር ትእዛዙን የሰማሁት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ነው።

መጋረጃው ሐይቅ፣ የድንጋይ ደረጃና አንድ ትልቅ ዛፍ የተሳለበት ሸራ ነው። ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ካለችው ፎቶ ቤታችን ገብቶ የተነሳ ሁሉ፣ ወታደርም ይሁን ሙሽራ፣ ሐይቁ ዳር ቆሞ ይታያል። የሐረር ሰው ከተማው ውስጥ ሐይቅ ባይኖረውም ግድግዳው ላይ ግን አንድ ሐይቅ አለው።

ወደ ፎቶ ቤት ያመጣችኝ እናቴ ናት። ስድስተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ቲማቲም እንድሸጥ ገበያ ልካኝ ነበር። ገዢዎች «ስንት ነው?» ሲሉኝ ዝም ስለምል ዋጋውን ራሳቸው ቆርጠው፣ ራሳቸው መርቀው ይወስዱ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ «ይህች ልጅ አፍ የማያስፈልገው ሥራ ይፈለግላት» አለችና ፎቶ ቀቢ እንድሆን ለጋሽ ዘለቀ ሰጠችኝ። ፎቶ መቀባት አፍ አያስፈልገውም ብላ ነው። እዚህ ላይ ተሳስታለች።

ጋሽ ዘለቀ ያነሳሉ፣ ጨለማው ክፍል ገብተው ያጥባሉ፣ በነጋቲቩ ላይ የፊት ጠባሳ በእርሳስ ያጠፋሉ። እኔ የደረቀውን ፎቶ ጥርስ ባለው መቁረጫ ዙሪያውን እከረክማለሁ፤ ከዚያ እቀባለሁ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ከትንሽ ቱቦ ቀለም አወጣለሁ፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ እጠመጥማለሁ፣ ጉንጭ፣ ከንፈር፣ ቀሚስ እያልኩ እያሻሸሁ አለብሳለሁ። ለዓይንና ለጉትቻ ቀጭን ብሩሽ አለ። ሰማዩንና ሐይቁን አንድ ቀን ሙሉ ከተለማመድኩ በኋላ ጋሽ ዘለቀ ሰው እንድነካ ፈቀዱልኝ።

የመጀመሪያዋ ሰው አባይ ዘይነባ ነበሩ። የጀጎል ሰዎች ታላቅ ሴትን «አባይ» ይላሉ፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። እሳቸው ሻሻቸውን አስተካክለው ሐይቁ ዳር ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ሄዱ። የሻሹ ቀለም ምን እንደነበር መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ሰው ሲነሳ ከመጋረጃው ጀርባ ስለምሆንም አላየሁትም። ከቱቦዎቹ ሁሉ ጢም ብሎ የሞላው አረንጓዴው ነበርና አረንጓዴ አደረግኩት።

ሊወስዱ ሲመጡ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ሱብሃነላህ! የማን ሻሽ ነው ያለበሳችሁኝ?»

«የእርስዎ አይደለም?» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«ወላሂ የኔ ብርቱካንማ ነው! አረንጓዴ ከነጭራሹ የለኝም!»

ጋሽ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መሬት። አባይ ዘይነባ ግን ፎቶውን ደግመው፣ ደጋግመው አዩና «ግን ያምርብኛል» ብለው ከነአረንጓዴው ይዘውት ሄዱ። ትንሽ ሰንበት ብሎ በራችን ላይ ቆመው ተጣሩ። አረንጓዴ ሻሽ አድርገዋል።

«ይኸው ልጄ፣ ፎቶሽን ለመምሰል ገዛሁ! ደግሞ ሌላ ቀን ጥርሴን ወርቅ እንዳታደርጊው፤ እሱን መግዛት አልችልም!»

የዚያን ዕለት ጋሽ ዘለቀ ሕግ አወጡ። «ቀለም ከመንካትሽ በፊት ባለፎቶውን ትጠይቂያለሽ። ከወንበሩ ሳይነሳ።»

ለእኔ ይህ ከመቀባቱ ይከብድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የፎቶ ቤቱን ኮት ፊት ለፊት ቆሜ «ጌታዬ፣ የልብስዎ ቀለም ምንድን ነው?» እያልኩ እለማመድ ነበር። ኮቱ በጣም ጨዋ ደንበኛ ነው፤ አንድም ቀን አልሳቀብኝም።

ስለዚህ ኮት ትንሽ ልናገር። ኮት ለሌለው ደንበኛ በውሰት ይሰጣል። ግራጫ ነው፣ ደግሞም ለማንም ሰፊ ነው። ስለዚህ ጋሽ ዘለቀ ከጀርባ በኩል በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ይሰበስቡታል። ከፊት ሲታይ ልክ በልኩ የተሰፋ ይመስላል። ከኋላ ያለው ግን ጃርት ነው። እኔ ከመጋረጃው ጎን ስለምቆም የከተማችንን ትልልቅ ሰዎች ያየኋቸው ከነመቆንጠጫቸው ነው። ከኮቱ ሌላ አንድ ጥቁር ስልክ አለን። መስመር የለውም። ቢሮ እንዳለው ሰው መታየት የሚፈልግ ጆሮው ላይ ያደርገዋል።

መጠየቁን እየለመድኩ፣ መደበቁንም እየተውኩ ጥቂት ዓመታት ሠራሁ። ከዚያ ጥሩወርቅ መጣች።

ጥሩወርቅ አዲስ አበባ ሄዳ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ናት። ያጠናችው ስለ ዕፅዋት ነው። አባቷ ሻምበል አሰፋ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ በመጪው ቅዳሜ ለምረቃዋ ድግስ ደግሰዋል። ለሳሎናቸው ባለወርቅ ፍሬም አዘዋል። ድግሱ ላይ ፎቶዋን ፍሬሙ ውስጥ አስገብተው፣ ልጃቸው ከእንግዲህ ምን እንደምትሆን ለእንግዳ ሁሉ ሊናገሩ ነው። የቸገረው፣ ምን እንደምትሆን ቤተሰቡ አለመስማማቱ ነበር።

እሳቸው አዲስ አበባ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እንድትገባ ይፈልጋሉ። እኅታቸው እትዬ የሺ ደግሞ ድሬዳዋ ያለ መሐንዲስ አይተውላታል፤ ለመሐንዲሱ እናት የሚላክ ፎቶ ይፈልጋሉ። ሦስቱም አብረው መጡ።

«በመጀመሪያ የቢሮውን» አሉ ሻምበል። ጥሩወርቅ ኮቱን ለበሰች፣ ጋሽ ዘለቀ ከኋላ ቆነጠጡት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ትእዛዝ እንደምትሰጪ ሁኚ፣ ልጄ!»

«ለማን ነው የምሰጠው አባባ?»

«ለበታችሽ!»

ቀጥሎ እትዬ የሺ ጥበብ ቀሚስ ከቦርሳ አወጡ። «ኮቱን አውልቂልኝ። አንገትሽን ዘንበል። ዓይንሽን ሰበር። እንዲህ አታፍጪ፣ ምራት ልትሆኚ እንጂ ፈተና ልትቀመጪ አይደለም!»

«የሺ፣ ፍሬሙ አንድ ነው» አሉ ሻምበል።

«አንድ መሆኑንማ አውቃለሁ። የሚገባበትንም አውቃለሁ።»

ጋሽ ዘለቀ በበኩላቸው ጥቁሩን ጨርቅ ከራሳቸው ላይ ገልጠው «እኔን ብትሰሙኝ አየር መንገድ ነው የሚያምርባት። ባርኔጣ አለኝ» አሉ። ሁለቱም እንደ አንድ ሰው ገላመጧቸው፤ ጋሽ ዘለቀ ተመልሰው ጨርቁ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ገና አፌን ሳልከፍት ሻምበል «ኮቱን ሰማያዊ አድርጊው፣ የሹም ሰማያዊ» አሉ። እትዬ የሺ «ጉንጯን ቀላ፣ ከንፈሯንም ትንሽ፣ ብዙ አይሁን» አሉ። ባለፎቶዋ ግን ገና ከወንበሩ አልተነሳችም። ሕጉ ሕግ ነው። ኮቱን እንደምጠይቀው ዓይኔን ጨፍኜ ጠየቅኩ።

«እርስዎስ? ምን እንዲሆንልዎት ይፈልጋሉ?»

ጥሩወርቅ እኔን አየችኝ፣ ስልኩን አየችው።

«ይሄ ስልክ ይሠራል?» አለችኝ።

«መስመር የለውም።»

መሳቅ ጀመረች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሻምበል «ምን ያስቃል?» ቢሏት፣ «አባባ፣ ምን እንደምፈልግ አላውቅም። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች።

«ዩኒቨርሲቲ ተምረሽ አንቺ ካላወቅሽ ማን ይወቅልሽ?»

«እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ ነው ዝም ብዬ የምቆመው።»

በማግስቱ ብቻዋን መጣች። ፎቶዎቿን ስቀባ ከጎኔ ዱካ ላይ ተቀመጠች። እኔ አንድ ቀን ቃል ሳልተነፍስ መሥራት እችላለሁ፤ እሷ ግን አልቻለችም።

«ጓደኞቼ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል» አለችኝ። «ሲጽፉልኝ አንቺስ ይሉኛል። እኔ የምመልሰው ስለ አየሩ ነው።»

«የአየሩ ነገር ያስደስታቸዋል?»

«ሐረር መቼም አየሯ ጥሩ ነው» አለችና ሳቀች። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «አንቺን ግን ይህን ሥራ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀሽ አለ?»

«የለም። አፍ የማያስፈልገው ነው ተብሎ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ?»

ትንሽ አሰብኩ። «ደንበኞች ሊወስዱ መጥተው ራሳቸውን በቀለም ሲያዩ ፊታቸውን ማየት እወዳለሁ። አሁን ሌላ ሥራ ብትሰጪኝ አልሄድም» አልኳት። «አንቺ» እንዳልኳት የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። እሷ ግን ደስ አላት።

ጎንበስ ብላ የቢሮውን ፎቶ አየች። የራሷን ፊት ትታ መጋረጃው ላይ ያለው ዛፍ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?»

«ዛፍ ነዋ።»

«እንዲህ ያለ ዛፍ የለም! ግንዱ የዘንባባ ነው፣ ቅጠሉ የብርቱካን ነው፣ የበቀለው ደግሞ ድንጋይ ላይ ነው። ይህን የሣለው ሰው ምን ነካው?» ብላ ጀመረች። ብርቱካን ምን ዓይነት አፈር እንደሚወድ፣ ከሐረር ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ ያሉ ገበሬዎች ዛፋቸው ከሥሩ እየበሰበሰ እንደተቸገሩ፣ ችግኙ ሲተከል ከፍ ቢደረግ እንደሚድን ነገረችኝ። እኔ የጥበቡን ጥለት ቀብቼ ጨረስኩ፣ ጉትቻውን ጨረስኩ፤ እሷ ገና ሥሩ ላይ ናት። ድሬ ጠያራ አዲስ የችግኝ ጣቢያ እንደተከፈተና ሰው እንደሚፈልጉ የነገረችኝም በዚያው መሐል ነው፤ እንደ ዋዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ብሩሼን አስቀመጥኩ። «ስለ ቢሮው ስትነግሪኝ ሁለት ቃል ነው የተናገርሽው» አልኳት። «ስለ መሐንዲሱ አንድም። ስለ ዛፉ ግን ይኸው ምሳ ሰዓት ደረሰ።»

ጣቷን ከዛፉ ላይ አነሳች። እኔን ዝም የሚያሰኘኝ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ሰው ዝም ሳሰኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

«አባባ ይሞታል» አለች በመጨረሻ።

«ለድግሱ የሚታረደው በሬ ይበቃል» አልኳት። ይህ ከእኔ አፍ መውጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከሰዓት በኋላ በዱቄት ወተት ጣሳ የተተከለ የብርቱካን ችግኝ ታቅፋ ተመለሰች። በየቀኑ የምትለብሰውን ቀሚስ እንደለበሰች ነው። ጋሽ ዘለቀ ስልኩን አንስተው ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። መቆንጠጫ አላስፈለገም። ከወንበሩ ሳትነሳ ጠየቅኳት፤ የቀሚሱን፣ የቅጠሉን፣ የጣሳውን ሳይቀር ነገረችኝ።

ቅዳሜ ፎቶዎቹን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል። ጥሩወርቅ በር ላይ ጠብቃኝ «የትኛው ከላይ ይሁን?» ስላት የችግኙን ከላይ አደረገችው። ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ ከእንግዲህ...» ብለው ፖስታውን ከፈቱ። ከዚያ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው? ስልኩስ?»

«ድሬ ጠያራ የችግኝ ጣቢያ ልሠራ ነው፣ አባባ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን ሁሉም ሰማው።

«ጣሳ ታቅፈሽ!» አሉ እትዬ የሺ። «መሐንዲሱ ምን ይላል?»

ሻምበል ፎቶውን ራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ልጃቸውን መናገር ሲያቅታቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ፣ ይህን ቅጠል እንዲህ ያለመለምሽው ከየት አምጥተሽ ነው?»

እንግዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከኋላዬ መጋረጃ ፈለግኩ፤ አልነበረም።

«ጠይቄ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ባለፎቶዋን ጠይቄ።»

ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ከዚያ ሌላውም ሳቀ። ሻምበል አልሳቁም። ፎቶው ላይ ያለውን ቅጠል በጣታቸው ነካ አድርገው ልጃቸውን «ብርቱካኑ መቼ ያፈራል?» አሏት። ጥሩወርቅ ጀመረች፤ አፈሩን፣ ሥሩን፣ ውሃውን። ወጡ ቀዘቀዘ።

ባለወርቁ ፍሬም ውስጥ ያለው የችግኙ ፎቶ ነው። የስልኩን ሻምበል መኝታ ቤታቸው ሰቅለውታል፤ ለማንኛውም ብለው ይመስለኛል። የጥበቡን እትዬ የሺ በቦርሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። መጋረጃውን ደግሞ ጥሩወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከድሬ ጠያራ ስትመጣ እየነገረችኝ አስተካክያለሁ። ግንዱ አሁን የብርቱካን ነው። ሐይቁን ጋሽ ዘለቀ አላስነኩኝም።

በቅርቡ ሁለት አዳዲስ ሴት ልጆች ቀቢ ሆነው ገብተዋል። አንዷ ከመጋረጃው ጀርባ ነው የምትውለው። ለእነሱ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ቀለሙን የሚጠየቀው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፤ አጠገቡ የቆመው አይደለም። ከወንበሩ ሳይነሳ ጠይቁት።