የማይደርቅ ሙጫ

መጋቢት ስምንት ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ የምታስታውሰው እንደዚያ ነው። ግን ስምንት ከሆነ እሑድ ይሆናል፣ እሑድ ደግሞ ሱቋን አትከፍትም። እንግዲያው ዘጠኝ ይሁን። ዝናብ እንደነበረ ግን እርግጠኛ ናት፣ ዝናቡም የሌላ ቀን ካልሆነ። ብቻ በዚያ ሰሞን፣ ምድር ቤቱን የተከራዩትና የሕንፃው ሰው ሁሉ እትዬ ሙጫ የሚላቸው መጽሐፍ ጠራዥ ሽርጥ ሊያሰፉ መጡ። የሽርጡን ነገር ሳያነሱ በርከክ አሉና ከስፌት ማሽኑ ሥር ማየት ጀመሩ።

«ምን ጠፋብዎት እትዬ?»

«እኔ ምንም አልጠፋብኝም። ይሄ ምን ቢበድልሽ ነው?»

የማሽኑ እግር የቆመው ወፍራም ልብ ወለድ ላይ ነው። መጽሐፉን ከባሏ ቀብር መልስ ያመጣችላት የባሏ እህት ናት። «ሴቶች በወዳጅነትና በመጻሕፍት ከሐዘናቸው የሚድኑበት ነው» ብላት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጥቂት ገጾች ሞከረች፤ ታሪኩ አንዴ ስልሳ ዓመት ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ዛሬ እየተመላለሰ ራሷን አዞረው። ማሽኑ ደግሞ ይነቃነቅ ነበር። መጽሐፉ ልክክ አለ።

እትዬ ሙጫ መጽሐፉን አውጥተው በቦታው ጡብ አስገቡ። «እጠግነዋለሁ። ልጄ መጥታ እስክትወስደኝ ሥራ ፈት ነኝ። ሽርጡስ?»

«ጊዜ የለኝም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የጨርቅ መቀስ ይዛ አታውቅም። መጨረሻ የቆረጠችው ጨርቅ የእሱ የሱፍ ኮት ነበር። እጅጌው ሳይገባ ባለቤቱ ሄደ፤ ኮቱም እጅጌ እንደሌለው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አሁን ዚፕ ትቀይራለች፣ የሱሪ ጫፍ ታጥፋለች፣ በቃ። የባሏ እህት በመጣች ቁጥር «በዚፕ ሱቅ አይቆምም፤ እስከ ክረምት አዲስ ልብስ ካልቆረጥሽ በሩን ራሴ ነኝ የምዘጋው» ትላታለች።

ከሳምንት በኋላ መጽሐፉ ተጠግኖ መጣ፤ ቀጭን ሆኖ። ልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ስታጣ ገለጥ አደረገችው። የዛሬው ታሪክ ብቻ ነው ያለው። ዋናዋ ሴት አንድ ሙሉ ምዕራፍ የተሰነጠቀ ሳህን ይዛ ታለቅሳለች፤ ለምን እንደሆነ አይታወቅም። ልብስ ሰፊዋ ነደዳት። ከዳቦ መግዣው በቀር የትም ሄዳ የማታውቀው ሴት በነጠላ ጫማ ምድር ቤት ወረደች።

«ሌላው ግማሽ የት አለ?»

«ሙጫው አልደረቀም። ቁጭ በይና ያነበብሽውን ንገሪኝ፣ እኔም የዱሮውን እነግርሻለሁ።»

በማግስቱም ሙጫው አልደረቀም። በሳምንቱም አልደረቀም። በማሰሮው ውስጥ ያለው ግን ድንጋይ ሆኖ እንደነበር ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ አይታለች።

«ያቺ ጓደኛዋ ወሬኛ ናት፣ አልወደድኳትም» ትላለች።

«የዱሮዋን ብታያት። በእሷ ፊት የእኔ ምላስ ታስሯል ትያለሽ።»

ይስቃሉ። አንድ ቀን ታዲያ እትዬ ሙጫ የሳህኑን ነገር አወሩ። ጓደኛዋ በልታ ሳትጨርስ ስለሞተች፣ በዱሮው ታሪክ ያለችው ልጅ ሳህኑን ሳታጥበው አስቀመጠችው።

«ሳታጥበው?»

«ስልሳ ዓመት።»

«እብድ ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እንዲህ ያለ እብድ አይቼ አላውቅም።»

እትዬ ሙጫ ገጽ ሲያስተካክሉ ቀና አላሉም። «እኔም አላውቅም፣ ልጄ።»

ልብስ ሰፊዋ ደረጃውን ወጣች። ኮቱን ቆማ ስታየው ቆየች። ከዚያ አወረደችና መቀሱን ፈለገች፤ ዝጎ ስለነበር መጀመሪያ ሞረደችው።

በማግስቱ ጠዋት የሱፍ ሽርጥ ይዛ ወረደች፤ የውስጥ ኪስና የሐር ገበር ያለው። በሩ ላይ ጭነት መኪና ቆሟል። እትዬ ሙጫ ጋቢና ውስጥ ማሰሮአቸውን አቅፈዋል፤ ልጃቸው ሞተሩን አስነስታለች።

«እማ፣ መንገዱ ሳይዘጋ እንሂድ።»

ሽርጡ በመስኮት ገባ። እትዬ ሙጫ እጃቸውን የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከተቱና ሳቁ። «ከዚህ በኋላ ሙጫ ስነካ ሚኒስትር ልመስል ነው?» በዚያው መስኮት የዱሮውን ግማሽ አቀበሏት። ደረቅ ነው፤ አቧራ ሁሉ ለብሷል።

«እትዬ፣ መጽሐፉን ለሁለት የከፈሉት በስሕተት ነው ወይስ...» ብላ ስትጀምር፣ መኪናው ጥቁር ጭሱን ፊቷ ላይ ተፍቶ መንገዱን ይዞ ነበር።