የልጄ ማርሚታ

ልጄ ከሥራ ሲመለስ የመኪናው ድምፅ ከሱ ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር። ገና ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ "መጣ" ትልና ወጡን ለማሞቅ ትነሳለች። እኔ እቆጣለሁ። ቀኑን ሙሉ እዚህ ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ ውዬ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ሌላ ሞተር ይመጣብኛል።

"አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ልጅ በጸጥታ ግባ!" እለዋለሁ።

"አባዬ፣ ሪላክስ። ሳውንዱ እኮ ነው ነገሩ" ይለኛል እየሳቀ።

መኪናው ዕድሜው ከልጄ ብዙም የማያንስ የጃፓን አሮጌ ነው። ሞተሩን አጠናክሮ፣ ከፋብሪካ የመጣበትን የጭስ ማውጫ ነቅሎ፣ በገዛ እጁ የበየደውን ማርሚታ ገጥሞበታል። ጓደኛው ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ነበር የሚውለው። የሱ ማርሚታ ጭሱን የሚያጣራው ነገር የለውም። ስለዚህ በየዓመቱ የመኪናው ምርመራ፣ ኤም ኦ ቲ የሚሉት፣ ሲደርስ የራሱን ያወርድና የፋብሪካውን ይመልሳል። ጭሱ ተለክቶ ካለፈ በኋላ እንደገና የራሱን ይገጥማል።

"ይሄ ማታለል አይደለም?" አልኩት አንድ ጊዜ። "እናትህ አስም ይዟት እያየህ?"

"አንድ መኪና ነው እኮ፣ አባዬ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው!"

ዛሬም የጭሱ ሕግ ልክ ነው ባይ ነኝ። የቸገረኝም ይኸው ነው። ሕጉን ብረግም ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

አምና የፋብሪካውን ገጥሞ አስመረመረ፤ አለፈ። የራሱን ማርሚታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ኮሪደራችን ውስጥ በግድግዳው ጥግ አጋደመው። "ቅዳሜ አነሳዋለሁ" አለን። ሐሙስ ዕለት ራሴን አመመኝ ብሎ ሆስፒታል ሄደ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ቅዳሜን አላያትም።

ለንደን ውስጥ ለቅሶ መቀመጥ ማለት መቶ ሰው ሁለት ክፍል ውስጥ ማስገባት ማለት ነው። ሶፋችን ጎረቤት ሄደ፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ዕቃ የሚያነሳውና የሚያወርደው ወዳጅ ዘመድ ነው። ሐዘንተኛ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ሌላ ሥራ የለውም። እኔ ግን መቀመጥ አልሆነልኝም። አንዱ ትከሻዬን ይዞ ሲያስቀምጠኝ በሌላው በኩል እነሳለሁ። የልጄ ጓደኛ ወንበር ሊያመጣ ወጥቶ ሳለ፣ ሊያስተዛዝኑን የመጡ አንዲት አሮጊት ኮሪደሩ ላይ ያ ጥቅል አደናቀፋቸውና ለጥቂት ተረፉ። ደሜ ፈላ።

"ይሄ ብረት ዛሬም አይለቀንም?" ብዬ አነሳሁት። ደረጃውን ወርጄ ከቆሻሻ ቢኑ አጠገብ ጣልኩት። ተመልሼ በመስኮት ስመለከት፣ በቫን እየዞረ አሮጌ ብረት የሚለቅም፣ የዚህ አገር ቆራሌው፣ ጭኖት ሲሄድ አየሁ። ተገላገልኩ አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ልጄን በቀበርኩ ማግስት ተገላገልኩ ነው ያልኩት።

የዚያን ቀን አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ጥቅሉን የሚያነሳው ጓደኛው ነበር። እሱ ደግሞ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ባለቤቴ "ወደ መቃብሩ የምንሄደው በሱ መኪና ነው" አለችኝ። "ያን ማርሚታውን ጓደኛው ይግጠምልኝ። ለአንድ ቀን ብቻ። እዚህ ሆኜ ሲታጠፍ ልስማው፣ ከዚያ ይነቀል።"

ማርሚታው ጋራዥ ያለ መስሏት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከኔ ምንም ጠይቃ አታውቅም። ሕግ ሕግ ስል የኖርኩት ሰውዬ "እሺ" አልኳት።

መጀመሪያ ግን የምርመራው ቀን ደርሶ ስለነበር መኪናውን ወደ ጋራዡ ወሰድኩት። የልጄ ጓደኛ ከሥሩ ገብቶ ቼክ አደረገውና ወጣ።

"ይሄ ኢዚሊ ያልፋል፣ ጋሼ። የሱን ከኤም ኦ ቲው በኋላ እገጥምልዎታለሁ። የት ነው ያስቀመጡት?"

በለቅሶው ቀን እኔው እንደጣልኩት ነገርኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

"ሌላ ልሥራልዎት?"

"ድምፁ ያው ይሆናል?"

"ኖ፣ ጋሼ። ልዋሽዎት አልችልም። እሱ ያን ድምፅ እስኪያገኝ ሦስት ጊዜ አፍርሶ ነው የበየደው።"

መርማሪው መለኪያውን ከኋላ አስገብቶ ጋዝ ሰጠ፣ ቁጥሩን አየ። ለዕድሜው በጣም ንጹሕ ነው፣ በደንብ ይዘኸዋል ብሎ አመሰገነኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁና መሪውን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ወደ ቤት ነዳሁት። ከዋናው መንገድ ስታጠፍ ቀና ብዬ መስኮታችንን አየሁ። መጋረጃው አልተነካም። ከሥሩ አቁሜ ትንሽ ጠበቅኩ፤ ማንም ብቅ አላለም። በሩን ስከፍት ባለቤቴ ደነገጠች።

"መቼ መጣህ? መኪናውስ?"

"ታች ነው።"

"አልሰማሁህም እኮ።"

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ አሮጊቷን፣ ቢኑን፣ ቫኑን። ተገላገልኩ ማለቴን እንኳ አልደበቅኩም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአስም ፓምፗን ከኪሷ አውጥታ አንድ ጊዜ ሳበች። ብትጮህብኝ፣ ብትረግመኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ከባድ ነበር?" አለችኝ።

ልጃችን ቀጭን ብረት መርጦ ነበር የሠራው። ከፋብሪካው ማርሚታ በግማሽ ይቀላል እያለ እራት ላይ ሲኮራብን ሁለታችንም ሰምተነዋል።

"በአንድ እጄ ነው ያወረድኩት" አልኳት።